የእማ ኅቱም መርፌ

እኔ ፊልም የማየት ትዕግሥት የለኝም። ሰው እያወቀ ሲታለል ማየት ያናድደኛል። ይህ የምነግራችሁ ነገር በደረሰ ጊዜ ደግሞ ከቁይ ወጣ ብላ ባለች የገጠር ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነበርኩና ለፊልም የሚተርፍ ጊዜም አልነበረኝም። ከቤት ቤት እየዞርኩ ነፍሰ ጡር እመክራለሁ፣ ሕፃናት እከትባለሁ፣ ሽንት ቤት ያልቆፈረውን እስኪቆፍር ድረስ እጨቀጭቃለሁ። አፏ ስለታም ነው ይሉኛል። ሐሰት ነው ብዬ አልከራከርም።

በዚያ ዓመት አገሬው ሁሉ በአንድ ተከታታይ ድራማ ተይዞ ነበር። በዩቲዩብ የሚለቀቅ ነው። የእኛ ቀበሌ ኢንተርኔት ስለማይደርሳት ሰዉ ቁይ ገበያ ሲወጣ ሞባይል ቤት ጎራ ይልና አዲሱን ክፍል ሜሞሪው ላይ ያስጭናል። ከዚያ በኋላ አንድ ስልክ ለመንደሩ ሁሉ ትበቃለች። የተቀረጸው ደብረ ማርቆስና ዙሪያው በመሆኑ ደግሞ ሰዉ ታሪኩን ትቶ በቦታው ይከራከር ነበር፤ «ይቺን ዳገት አወቅኋት፣ የእነ እንትና የባሕር ዛፍ አይደለም እንዴ» ይባባላል።

ታሪኩ ስለ አንድ ስውር ማኅበር ነው። አባላቱ «ኅቱማን» ይባላሉ፣ የታተሙ እንደ ማለት። ሰው ወደ ማኅበሩ የሚገባው በመርፌ ነው፤ መርፌውንም «ማኅተም» ይሉታል። የመጀመሪያውን ማኅተም የተወጋ ወደ ቤቱ የሚወስደውን መንገድ ይረሳል። ሁለተኛውን የተወጋ የእናቱን መልክ ይረሳል። አንዴ የጀመረ ማቋረጥ አይችልም፤ ካቋረጠ ይሞታል፣ ከጨረሰ ለዘላለም የእነሱ ይሆናል። ወጊዋ እማ ኅቱም የምትባል ሴት ናት። ነጭ ነጠላ አይለያትም፣ ድምፅዋ ለስላሳ ነው፣ «ምንም አያምም፣ የእኔ ልጅ» ትልና ትወጋለች። በመርፌው ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ግን እስከዚያ ድረስ አልተገለጠም፤ መርዝ ነው የሚል ነበር፣ የሙት ደም ነው የሚልም ነበር። እያንዳንዱ ክፍል ሲጀምር «በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ» የሚል ጽሑፍ ይወጣል። ይህን ሁሉ የማውቀው አንድም ክፍል ሳላይ ነው። ክትባት የሚጠብቁ እናቶች ተሰልፈው የሚያወሩት እሱን ብቻ ስለነበር ነው።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ጤና ኬላው ውስጥ እቃ ሳስተካክል አያ አለልኝ ልጃቸውን ታቅፈው እያለከለኩ ገቡ። ባለቤታቸው ደብሬ ከኋላ ከኋላ ትሮጣለች። ልጅቷ ይታይሽ ትባላለች፣ ሦስተኛ ክፍል ናት። እጇ ደም በደም ሆኗል።

«ውሻ ነከሳት» አሉኝ። «ያበደ ውሻ ነው። ለሃጩን እያዝረከረከ መጥቶ መጀመሪያ የጎረቤት አህያ ነከሰ፣ ከዚያ እሷን። አሁን ገደልነው።»

የእብድ ውሻ በሽታን ታውቁት ይሆናል፤ አንዴ ሰው ላይ ከተነሣ የሚያድን የለም፣ ሳይነሣ ቶሎ ከተከተቡ ግን ይቆማል። ቁስሏን በሳሙናና በውሃ ደጋግሜ አጠብኩት። ይታይሽ ጥርሷን ነክሳ ቻለችው። ክትባቱ እኛ ጋ ስላልነበረ ደብረ ማርቆስ እንዲወስዷት ነግሬ የሪፈር ወረቀት ጻፍኩ። የአገራችንን ወረቀት ታውቁታላችሁ፣ ማኅተም ካላረፈበት ማንም ዘወር ብሎ አያየውም። እኔ ማኅተሙን ከመሳቢያ ስፈልግ እነሱ ወደ በሩ ሲያመሩ አየኋቸውና «ቆዩ እንጂ፣ ማኅተም ሳይደረግላት እንዳትወስዷት» አልኩ።

አያ አለልኝ በሩ ላይ ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ምን አልሽ?»

«ማኅተም ነዋ። ያለ ማኅተም አይቀበሏትም።»

«ስንት ጊዜ ነው የምትወጋው?»

«በቀጠሮ ነው፣ ተደጋጋሚ ነው። አንዴ ከጀመረች ማቋረጥ አይቻልም። አንድም ቀጠሮ እንዳያልፋችሁ።»

ፊታቸው አመድ መሰለ። ለደብሬ በዓይናቸው ምልክት ሰጧት፣ ልጃቸውን እንደታቀፉ ወረቀቱን ሳይቀበሉኝ ወጡ። እኔ የመንገድ ልብስ ሊይዙ ነው ብዬ ጠበቅኩ። ጠበቅኩ፣ ጠበቅኩ፣ ቢቀሩብኝ ወረቀቱን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ።

አያ አለልኝ እንዲህ በቀላሉ የሚደናገጡ ሰው አይደሉም። የቅዱስ ሚካኤል ማኅበር ሙሴ ናቸው፤ ወር በወር ጽዋ የሚጠጣው የሰፈሩ ማኅበር አለቃ ማለት ነው። ልጆች ይከተቡ ስል መጀመሪያ የራሳቸውን ልጆች ይዘው የሚመጡት እሳቸው ነበሩ። የዚያን ቀን ግን ከግቢያቸው አጥር አላሳለፉኝም።

«አያ አለልኝ፣ ወረቀቱን ረስተውታል።»

«አልረሳሁትም።»

«ጊዜ የለንም እኮ። ልጆች ይከተቡ ስል ሁልጊዜ ቀድመው የሚመጡት እርስዎ አይደሉም ወይ?»

«የዚያኛው ክትባት ሌላ ነው፣ አውቀዋለሁ። ይህ ግን በማኅተም ነው፣ ይደጋገማል፣ አይቋረጥም፣ ቦታውም ደብረ ማርቆስ ነው። እኔ ይህን በዓይኔ አይቼዋለሁ።»

«የት አዩት?»

«በስልክ።»

ነገሩ ያን ጊዜ ገባኝ። ሳቄ መጣ፣ የእሳቸውን ፊት ሳይ ግን ተውኩት።

«ያ እኮ ድራማ ነው፣ ውሸት ነው።»

«እውነተኛ ታሪክ ነው ብሎ ጽፏል። ማንበብ አላቃተኝም፣ ትርንጎ።»

«ለማስታወቂያ ብለው ነው የሚጽፉት።»

«አንቺ አይተሽዋል?»

«አላየሁም።»

«ካላየሽው በምን አወቅሽ?»

ከዓመታት ክርክሬ ሁሉ እንዲህ አድርጎ የዘጋኝ ሰው የለም። አያ አለልኝ በማግስቱ ከማኅበሩ በኋላ ቆላ ወርደው የሥር መድኃኒት ወደሚያውቅ ሰው እንደሚወስዷት ነግረውኝ ገቡ። ደብሬ በአጥሩ ስንጥቅ በኩል ታየኝ ነበር። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ግን የምታምነው ማንን እንደሆነ እሷም አላወቀችም።

ስልክ ወደሚሠራበት ጉብታ ወጣሁና ለአለቆቼ ደወልኩ። «አሳምኚያቸው» አሉኝ። እሱን ለማለትማ ማንን ያቅተዋል። ተቀምጬ ሳስብ አብሮ አደጌ ፋንታዬ ትዝ አለችኝ። ደብረ ማርቆስ ፔንሲዮን ውስጥ ትሠራለች፤ የድራማው ሰዎች የመጨረሻዎቹን ክፍሎች ሊቀርጹ እነሱ ጋ ማረፋቸውን በኩራት ደጋግማ ነግራኛለች። ደወልኩላት። ከብዙ ልመና በኋላ ስልኩን ይዛ ደረጃ ወጣችና አንድ ለስላሳ ድምፅ «አቤት፣ ማርታ ነኝ» አለኝ። እማ ኅቱምን ሆና የምትጫወተው እሷ ነች።

ሁሉንም ነገርኳት። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም።

«እኔን አይተው እንዴት ያምናሉ? የሚፈሩት እኮ እኔን ነው» አለች።

«የምፈልግሽም ለዚያ ነው። ሌላ ሰው ልኬ ውሸት ነው ቢላቸው እንደ እኔው በምን አወቅህ ነው የሚሉት።»

«ነገ ቀረጻ አለብኝ» አለች። ተስፋ ቆርጬ ስልኩን ልዘጋ ስል «በመጀመሪያው ሚኒባስ ቁይ እደርሳለሁ። ተቀበይኝ» አለችኝ።

«ነጭ ነጠላ ለብሰሽ እንዳትመጪ አደራ» አልኳት።

በማግስቱ አበባ ያለበት ሻሽ አስራ፣ ሸራ ጫማ አድርጋ መጣች። ባጃጁ እስከሚገባበት ድረስ በባጃጅ፣ ከዚያ በእግር ወሰድኳት። መንገድ ላይ ያገኙን ሴቶች ልጆቻቸውን ወደ ቀሚሳቸው ሳብ አደረጉ። ማርታ ለሁሉም ዝቅ ብላ ሰላምታ ትሰጣለች፤ አንዲቷም እንኳ አልመለሰችላትም። ፊቷ ሲቀላ አየሁ፣ ግን ወደ ኋላ አላለችም።

የማኅበሩ ሰው ሁሉ በዕለቱ ተረኛ ቤት ተሰብስቧል። ስንገባ ጨዋታው ቆመ። አንዲት አሮጊት አማተቡ። ይታይሽ እጇ እንደታሰረ ከእናቷ ጀርባ ተደብቃ በአንድ ዓይኗ ታያለች። ማርታ ጫማዋን በር ላይ አወለቀች፣ ተቀመጪ ሳትባል አልተቀመጠችም። ደግነቱ አያ አለልኝ እንግዳ አቁመው የሚያነጋግሩ ሰው አይደሉም፤ መደቡን አሳዩዋት።

«እኔ ትወና ነው ሥራዬ» አለች። «ሰው ወግቼ አላውቅም። ይኸው ይህ ነው መርፌው።» ከቦርሳዋ የድራማውን መርፌ አወጣችና በመዳፏ ላይ ጫነችው፤ ጫፉ እጇን ሳይወጋ ወደ መርፌው ውስጥ ተሰብስቦ ገባ። አንዳንዱ ሰው ቀረብ ብሎ አየ።

አያ አለልኝ ግን አላዩትም።

«ይህ መጫወቻ ነው። እኔ የምጠይቅሽ እውነተኛ ታሪክ ብላችሁ ስለጻፋችሁለት መርፌ ነው።»

«እውነተኛ የሚባል የለም፣ አባቴ። ሰው እንዲያይልን ብለን ነው የጻፍነው።»

«ትናንት እውነት ነው ብላችሁ ጻፋችሁ። ዛሬ ውሸት ነው ትያለሽ። የትኛውን ልመን?»

ማርታ አንገቷን ደፋች። እሷም እንደ እኔ ተዘጋች አልኩ በልቤ። አያ አለልኝ ግን ቀጠሉ፣ ድምፃቸውም ቁጣ አልነበረበትም።

«ፈጥራችሁት ከሆነ መጨረሻውን ታውቂዋለሽ። በመርፌው ውስጥ ያለው ምንድን ነው? እሱን ንገሪኝ።»

አገር የሚከራከርበትን ጥያቄ ነው የጠየቋት። ማርታ መርፌውን ወደ ቦርሳዋ መለሰች።

«እሱን እንዳልናገር ፈርሜአለሁ፣ አባቴ። ከእኛም ውስጥ የምናውቀው ጥቂት ነን። ከአፌ ከወጣ ከሥራዬ እባረራለሁ፣ ከዚያ በኋላ የሚቀጥረኝም የለም። ስንት ዓመት ለፍቼ ያገኘሁት የመጀመሪያ ሥራዬ ነው።»

«ይገባኛል» አሉ አያ አለልኝ። «እኔ ደግሞ ልጄን ለማላውቀው ነገር አልሰጥም።»

ማርታ ቀና ስትል ከይታይሽ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ልጅቷ ደንግጣ ተደበቀች። ያቺ ሴት የዚያን ጊዜ ያሰበችውን እኔ ልነግራችሁ አልችልም። ያየሁት ሻሿን አስተካክላ መነሣቷን ነው። ልትሄድ ነው ብዬ እኔም ተነሣሁ።

«ውሃ ነው» አለች።

«ምን አልሽ?»

«በመርፌው ውስጥ ያለው ውሃ ነው። ተራ የምንጭ ውሃ። ማንም ምንም አልረሳም፣ አባቴ። ትረሳላችሁ ስለተባሉ ፈርተው የረሱ መሰሉ። አንዱ ሌላውን እያየ እውነት ነው አለ።»

ከዚያ የመጨረሻውን ክፍል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረችን። መንገር ብቻ አይደለም፤ ከማሰሮው አጠገብ ባለችው ጠባብ ቦታ ላይ ቆማ ተጫወተችው። ማኅተሙን የተወጋ አንድ ልጅ እናቱን ገበያ መሐል ሲያያት እንደማያውቃት ሆኖ ሲያልፍ፣ ከዚያ እግሩ እንቢ ብሎት ተመልሶ «እማዬ» ሲላት፣ ያ አንድ ቃል ማኅበሩን ሁሉ ሲበትነው፣ እማ ኅቱም ባዶ መርፌዋን ይዛ ብቻዋን ስትቀር። ልብሱ የለ፣ መብራቱ የለ፣ ያው ባለ አበባ ሻሿን እንዳሰረች ነው። እኔ ፊልም የማላየው ሴት እንባዬ በጉንጬ ሲወርድ አልታወቀኝም ነበር። ያማተቡት አሮጊት በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ይታይሽ ከእናቷ ጀርባ ወጥታ አፏን ከፍታ ቆማለች።

ስትጨርስ አያ አለልኝ ተነሡ።

«የሚያታልል ሰው ለራሱ የሚጠቅመውን ነው የሚናገረው» አሉ። «ይቺ የሚጎዳትን ተናገረች። እኔ አምኛታለሁ።» ከዚያ ወደ ማኅበርተኛው ዞሩ። «ይህን የሰማነው በሚካኤል ጽዋ ፊት ነው። ከዚህ ቤት አይወጣም። ለሚስቱ የሚነግር፣ ለወንድሙ የሚነግር ቢኖር ከማኅበሩ የለም።»

«አይወጣም» አሉ ሁሉም አንድ ላይ። ይህ ሲሆን ደብሬ ልጇን አዝላ ጨርሳ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

ደብረ ማርቆስ የገባነው አብረን ነው። ክትባት ክፍል ውስጥ ነርሱ መርፌውን ሲያዘጋጅ ይታይሽ የማርታን እጅ ጥርቅም አድርጋ ያዘች። ማርታ መርፌውን ስታይ ፊቷ ነጭ ሆነ፤ አገር ያስፈራችው ወጊ ዓይኗን ጨፍና ግድግዳው ላይ ተደገፈች። ይታይሽ ቀና ብላ አየቻትና ምን ብትላት ጥሩ ነው፤ «ምንም አያምም፣ የእኔ ልጅ» አለቻት። አያ አለልኝ እንኳ ከዚያ ቀን በፊት ሲስቁ አይቻቸው በማላውቀው ሳቅ ሳቁ።

ማርታ የዚያን ቀን በመቅረቷ ከአለቃዋ ብዙ ተወቅሳለች፤ የት እንደዋለች ግን አልተናገረችም። እኛ ደግሞ በየቀጠሮው ደብረ ማርቆስ ተመላለስን። አንድም አላለፈንም። ወረቀቱም ማኅተሙን አግኝቷል፣ ስለ እሱ አትስጉ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነው እኔን ሰው ያደረገኝ። የመጨረሻው ክፍል ወራት ዘገየ። ቁይ ገበያ ላይ ሰው በመርፌው ይወራረድ ጀመር። በየጠላ ቤቱ ስለ እሱ ይጣላሉ። የእኛ ቀበሌ ሰው መሐላቸው ቁጭ ብሎ ይሰማል። በውርርዱ ሊያሸንፍ የሚችል ነበረ፣ በአንድ ቃል የገበያው ጀግና ሊሆን የሚችል ነበረ። የልጆቹን ጆሮ ሳይቀር ፈርቼ ነበር፤ ያን ቀን ቤቱ ውስጥ ልጆችም ነበሩና። አንድ ቀን ውሃ ከሚቀዱ ልጆች አንዷን በዘዴ ልፈትናት ሞከርኩ። «እሱን እኛ አናወራም» ብላኝ እንስራዋን አዝላ ሄደች።

እናንተ አንባቢዎቼ፣ እኔ ይህን ሕዝብ ለማስተማር ነበር የተቀጠርኩት። ወሬ አይቋጥርም፣ የሰማውን ሁሉ ያምናል እያልኩ ለጓደኞቼ አማርር ነበር። አያ አለልኝ ግን የሰሙትን ሁሉ አላመኑም፤ እውነቱን ለማወቅ ከእኔ የተሻለ ጥያቄ የጠየቁት እሳቸው ናቸው። ማርታ ደግሞ ለማታውቃት ልጅ ስትል የራሷን እንጀራ አደጋ ላይ ጣለች፣ በአንዲት ቃል እንኳ አልተመጻደቀችበትም። እኔ ሁለቱንም አደንቃለሁ፣ እስካሁንም ሳስባቸው አንጀቴ ይርሳል። ዛሬ አንዲት እናት «አላስወጋም» ስትለኝ አልቆጣም። አጠገቧ ቁጭ እልና «ምን አይተሽ ነው?» እላታለሁ። ካወራችልኝ በኋላ ነው የእኔን የማወራው፤ አብዛኞቹ ደግሞ እሺ ይሉኛል።

የመጨረሻው ክፍል የወጣው ከክረምት በኋላ በአንድ የገበያ ቀን ነው። የሞባይል ቤቱ ባለቤት ትልቅ ስክሪን ደጁ ላይ አውጥቶ ሰቀለ፣ ገበያው ተበትኖ ወደ እሱ ጎረፈ። እኔም ሄድኩ። የእኛ ቀበሌ ሰዎች ፊት ለፊት ተኮልኩለዋል፤ አያ አለልኝ ይታይሽን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠዋታል። እማ ኅቱም «ውሃ ነው» ስትል ሰዉ ሁሉ ጮኸ። ከሁሉ አብልጠው የጮኹት የእኛዎቹ ናቸው። ያማተቡት አሮጊት ሳይቀሩ ደረታቸውን ይዘው «ወይ ጉድ፣ ወይ ጉድ» ይላሉ። ማርታ አይታቸው ብትሆን ተዋናይ ነን ከሚሉት ብዙዎቹን ጥላ እነሱን ትመርጥ ነበር።

ሰው ሲበተን የሞባይል ቤቱ ባለቤት አያ አለልኝን አያቸው።

«አያ አለልኝ፣ ገምተውት ነበር?»

«እኛ ገበሬዎች ነን፣ ልጄ» አሉ። «ይህን ከየት አውቀን እንገምታለን?»

ልጃቸውን እጇን ይዘው ወደ ቤታቸው መንገድ ገቡ።